ሁለተኛው መብራት
የጠላቂ መጠባበቂያ ብርሃን ታሪክና ለመሐንዲስ ያለው ትምህርት

ከወረታ ከተማ ወደ ጣና ሐይቅ በሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በቁሐር ሚካኤልና በአጎራባች ቀበሌዎች፣ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መብራት ስሙ «ባትሪ» ነው። በውስጡ የሚገቡት ደረቅ ሴሎች ደግሞ «ድንጋይ» ይባላሉ። አጠራሩ የፎገራ ብቻ ሳይሆን የመላው አገር ቢሆንም፣ ለመሐንዲስ የሚነግረው ቁም ነገር አለ። ሕዝቡ ዕቃውን የሰየመው በሚሰጠው ብርሃን ሳይሆን ቀድሞ በሚደክመው ክፍሉ ነው። ድንጋዩ ካለቀ ባትሪ ባዶ ቆርቆሮ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህም አስተዋይ ባለቤት ባትሪ ቢኖረውም ኩራዙንና ክብሪቱን ከቦታቸው አያነሣም። ባትሪው ላምባ አይፈልግም፤ ኩራዙም ድንጋይ አይፈልግም። የአንዱ ጉድለት ሌላውን ስለማይነካው፣ ሁለቱ በአንድ ሌሊት አብረው የሚጠፉበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ይህ የቤት ውስጥ ጥበብ በምሕንድስና ቋንቋ «መጠባበቂያ» ይባላል። መጠባበቂያ ምን መሆን እንዳለበት ግን የዓለም መሐንዲሶች የተማሩት በቀላሉ አይደለም። ትምህርቱ እጅግ ከባድ በሆነ ዋጋ ከተገኘባቸው ሥፍራዎች አንዱ ከውሃ በታች ያለው ጨለማ ነው። በየብስ ላይ መብራት የጠፋበት ሰው ባለበት ቆሞ ንጋትን ሊጠብቅ ይችላል። በውሃ ውስጥ ያለ ጠላቂ ግን የያዘው አየር የተቆጠረ ነው፤ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ከዚህም የተነሣ የጠላቂ መጠባበቂያ መብራት ታሪክ ከአንድ ትንሽ ዕቃ ታሪክ አልፎ፣ አስተማማኝነት የሚባለው ሐሳብ እንዴት እንደ ተወለደ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የባሕር በር በሌላት አገር ይህ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ከፎገራ ሜዳ ጠርዝ ይጀምራል። ከጣና በሚወጣው የዓባይ ውሃ ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃውን ከሐይቁ በቀጥታ ወስዶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከኋላው ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አስተኝቷል። እነዚህ ሁሉ ከውሃ በታች የሚገኙ መዝጊያዎች፣ ፍርግርጎችና የውሃ መግቢያዎች አሏቸው። ከውሃ በታች ያለ ነገር ሲበላሽ ምርጫው ሦስት ነው፤ ወይ ውሃው ይጎድላል፣ ወይ መሣሪያ ይላካል፣ ወይ ሰው ይጠልቃል። ሰው ከጠለቀ ደግሞ የመብራቱ ጉዳይ የሕይወቱ ጉዳይ ይሆናል።

ውሃ ብርሃንን እንዴት እንደሚውጥ

ውሃ ብርሃንን በሁለት መንገድ ያዳክማል። የመጀመሪያው መምጠጥ ነው። ንጹሕ ውሃ እንኳ ቀዩን የብርሃን ክፍል በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይመጥጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ርቆ ይዘልቃል። ሁለተኛው መበተን ነው። በውሃው ውስጥ የተንሳፈፉት የደለል ቅንጣቶች ብርሃኑን ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይበትኑታል፤ ከፊሉንም ወደ ያዘው ሰው ዐይን ይመልሱታል።

የጣና ችግር ይህ ሁለተኛው ነው። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። ነገር ግን በክረምት ርብና ጉማራ ከደጋው አጥበው የሚያመጡት አፈር በፎገራ ሜዳ ላይ ተርፎ ወደ ሐይቁ ስለሚገባ ውሃው ይደፈርሳል። በእንደዚህ ያለ ውሃ ውስጥ ሰፊና ብርቱ ብርሃን ማብራት በጣርማ በር ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት እንደሚያበራ ሾፌር መሆን ነው። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ከፊት ያለው ነጭ ግድግዳ ይወፍራል እንጂ መንገዱ አይታይም። ስለዚህ በድፍርስ ውሃ የሚሻለው ቀጭንና የተሰበሰበ ጨረር ነው፤ ከአንድ ደረጃ በላይ ድፍርስ ከሆነ ግን ማንኛውም መብራት አይረዳም። ይህን እውነት ቀደምት ጠላቂዎች በሥራ ላይ ተምረውታል።

ያለ ብርሃን የሠሩ ሰዎች

በእንግሊዝ አገር በሴቨርን ወንዝ ሥር የባቡር ዋሻ ሲቆፈር፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1879 ታላቅ የምድር ውስጥ ምንጭ ፈንድቶ ሥራውን አጥለቀለቀው። ሠራተኞቹ ሲሸሹ በቁፋሮው ውስጥ የነበረውን የብረት በር ክፍት ትተውት ነበር። ውሃውን በፓምፕ ለማሸነፍ ያ በር መዘጋት ነበረበት፤ በሩ ግን ከጉድጓዱ ሥር 300 ሜትር ያህል ርቆ በውሃ በተሞላ ጨለማ ውስጥ ነበር። አሌክሳንደር ላምበርት የተባለ ጠላቂ በመጀመሪያ ከላይ በቱቦ አየር የሚቀበለውን ልብስ ለብሶ ሞከረ። ቱቦው ወደ ጣሪያው እየተንሳፈፈ ከእንጨቶቹ ጋር ስለ ተያያዘበት ከበሩ ሳይደርስ ተመለሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1880 ሄንሪ ፍሉስ የሠራውን፣ ኦክሲጅን በጀርባ የሚያሸክመውንና ቱቦ የማያስፈልገውን መሣሪያ ይዞ ገባ። በዳሰሳ ብቻ ሄዶ በሩን ዘጋ፤ ከአጠገቡ የነበረውንም የውሃ መቆጣጠሪያ ጠምዝዞ ወጣ።

ይሁን እንጂ ውሃው ሲጎድል አንድ ነገር ተገለጠ። መቆጣጠሪያው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነበር። ላምበርት እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሲያዞረው የዘጋው መስሎት ከፍቶት ነበር። የጀግናው ጥፋት አልነበረም፤ በጨለማ ያለ እጅ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚሠራው። ለመሐንዲስ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰው ሳያይ የሚነካው ዕቃ ሁሉ ሳያይ የሚገባው መሆን አለበት። ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ መጠባበቂያው መብራት ማብሪያ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዊንቸስተር ካቴድራል ነው። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው ይህ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ውሃ ባዘለ ለስላሳ መሬት ላይ ስለ ቆመ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድግዳው መሰንጠቅና መስመጥ ጀመረ። ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1911 ድረስ ከግድግዳው ሥር በተቆፈሩት፣ እስከ 6 ሜትር በሚጠልቁ ጉድጓዶች ውስጥ እየገባ፣ በኮንክሪት ከረጢቶች መሠረቱን ሞላው። ውሃው በአፈር ስለ ጠቆረ ምንም አይታይም ነበር። ዎከር ዓመታት የፈጀውን ሥራ የሠራው በእጁ ዳሰሳ ነው። ውሃ በሚተኛበት ዋልካ መሬት ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤት የሚሠራው የፎገራ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተሳካላቸው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚሄዱበትን መንገድ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሁለተኛ፣ ከመውጫው ጋር የሚያገናኛቸው የሚዳሰስ ነገር ነበራቸው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ባለው፣ ሕዝቡ «ሲኦል» በሚለው የጨለማ መተላለፊያ ያለፈ ምእመን ይህን ያውቀዋል። እጁን ከግድግዳው ሳያነሣ የሄደ ሰው ያለ ጧፍ ይወጣል። ብርሃን ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መመሪያ ነው።

ብርሃን ወደ ውሃ ሲወርድ

በእሳት የሚነድ መብራት አየር ስለሚፈልግ ለውሃ የሚሆን አልነበረም። ጭንቀቱ በቅድሚያ የመጣው ከማዕድን ቆፋሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 በሰሜን እንግሊዝ በፌሊንግ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ነበልባሉን በብረት ወንፊት የከበበውን መብራት አወጣ። መብራቱ ፍንዳታን የሚከላከል ቢሆንም ብርሃኑ ደካማ ነበር። ሠራተኞች የተሻለ ለማየት ወንፊቱን ያወልቁት ነበር፤ ባለቤቶችም በመብራቱ ተማምነው አደገኛ የሆኑትን ጉድጓዶች እንደገና ከፈቱ። ስለዚህ አደጋው በተጠበቀው መጠን አልቀነሰም። የደኅንነት መሣሪያ ሰውን ወደ ባሰ አደጋ የሚያደፋፍር ከሆነ ትርፉ ኪሳራ እንደሚሆን ያን ጊዜ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1862 ሁለት ፈረንሳውያን፣ አልፎንስ ዱማና ሐኪሙ ካሚይ ቤኑዋ፣ በሩምኮርፍ ጥቅልል ሽቦ የሚሠራና ብርሃኑ በተዘጋ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የሚወጣ ተሸካሚ መብራት ሠሩ። መሣሪያው የታሰበው ለማዕድን ጉድጓድ ነበር። ዡል ቬርን በ1870 በታተመው የባሕር ሥር ጉዞ ልብ ወለዱ ለጠላቂዎቹ ያስያዛቸው ይህንኑ መብራት ነው። ሉዊ ቡታን ደግሞ በ1893 በባሕር ሥር ፎቶግራፍ ለማንሣት ማግኒዥየም ሲያቃጥል፣ በ1899 ወደ ኤሌክትሪክ መብራት ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ዴቪድ ሚሴል በአሜሪካ የእጅ ባትሪን የፈጠራ መብት አገኘ። የዚያ ዘመን ደረቅ ሴልና አምፑል ለረጅም ጊዜ ማብራት ስለማይችሉ ሰዎች ለአፍታ አብርተው ያጠፉት ነበር፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «ብልጭታ» ከሚለው ቃል የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አማርኛው ደካማውን ክፍል ሲሰይም፣ እንግሊዝኛው ራሱን ድካሙን ሰይሟል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን አየርን በሚያስፈልገው መጠን የሚሰጠውን የጠላቂ መተንፈሻ በሠሩ ጊዜ ነው። ጠላቂው ከላይ ካለው ቱቦና ገመድ ነጻ ወጣ። ነጻነቱ ግን ሁለት ፊት ነበረው። ቱቦው አየር ብቻ ሳይሆን የመመለሻ መንገድም ነበርና፣ እርሱ ሲቀር ጠላቂው መንገዱን የሚያይበት ዐይን ብቻ ቀረው። ዐይን ደግሞ ያለ መብራት ከንቱ ነው።

ከአደጋ የተወለደ ደንብ

አዲሱ መተንፈሻ በርካሽ ሲገኝ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ያሉት የጠሩ ምንጮችና በውሃ የተሞሉ ዋሻዎች ብዙ ወጣቶችን ሳቡ። የዋሻው ውሃ እጅግ የጠራ በመሆኑ ያታልላል። አንድ ሰው በእግሩ ወለሉን ሲነካ ግን ደለሉ ይነሣና ሁሉም በቅጽበት ይጨልማል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙዎች ገብተው ሳይወጡ ቀሩ።

ሸክ ኤክስሊ የተባለው አሜሪካዊ የዋሻ ጠላቂ እነዚህን አደጋዎች አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የሥራው ትልቅነት በአቀራረቡ ነው። አደጋን በዕድልም በሞኝነትም ሳያመካኝ፣ ድልድይ የወደቀበት መሐንዲስ እንደሚያደርገው ሁሉ የተሰበረውን ቦታ ፈለገ። ሦስት ጉድለቶች ጎልተው ወጡ። ሟቾቹ እስከ መውጫው የማይቋረጥ መሪ ገመድ አልዘረጉም፤ ከአየራቸው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ለመመለሻ አላስቀሩም፤ ከሚገባው በላይ ጠልቀዋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተከታዮቹ ሁለት ነገሮች ጨመሩ፤ ለዋሻ የሚገባ ትምህርትና ሦስት መብራት። እነዚህ አምስቱ እስከ ዛሬ ድረስ የዋሻ ጠላቂዎች ደንብ ሆነው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የደንቡ ቅደም ተከተል ነው። በብርሃን በሚኖሩበት ሥራ ውስጥ እንኳ መብራት ከገመድና ከአየር ቀጥሎ መጣ። በእንግሊዝ የዋሻ ጠላቂዎችም ተመሳሳይ ሆኗል። ከ1935ቱ የዉኪ ሆል ሙከራ ጀምሮ በጭቃማ ውሃ የሠሩት እንግሊዞች መብራታቸውን ሁለትና ከዚያም በላይ አድርገው በራስ ቁራቸው ላይ ሲያስሩ፣ እጃቸውን ለገመዱ ነጻ አድርገዋል። በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው በጎርፍ ሲታገቱ፣ ያወጧቸው ጠላቂዎች እጅግ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ገመዱን እየያዙ ነው የሄዱት። በዚያ ሥራ አንድ የቀድሞ የታይላንድ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሕይወቱን አጥቷል።

የመጠባበቂያው መብራት አሠራር

ሦስት መብራት ይያዝ ማለት ቀላል ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምን ዐይነት ይሁኑ የሚለው ግን የዲዛይን ጥያቄ ነው። መልሱ በአንድ ጊዜ አልተገኘም፤ በዓመታት ልምድ ተጣርቶ ነው የመጣው።

ዋናው መብራት ብርቱ ነው። ባትሪው በወገብ ላይ በሚታሰር ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ፣ በኬብል አማካይነት በእጅ ላይ ካለው አምፑል ጋር ይገናኛል። ይህ አደራደር ባትሪን በወገብ መብራትን በራስ ላይ ካደረገው የማዕድን ሠራተኛ መብራት ጋር ይመሳሰላል። ኬብሉ፣ መግቢያው፣ ማብሪያውና ማኅተሙ ሁሉ ሊበላሹ የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። መጠባበቂያው ግን በተቃራኒው መሠራት አለበት። ኬብል የለውም፤ ባትሪውና አምፑሉ በአንድ ቱቦ ውስጥ ናቸው። የሚከፈትበት ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበትም በዚያው ነው።

ማብሪያው ብዙ ክርክር ያስነሣ ክፍል ነው። በጎኑ የሚገፋ ማብሪያ ተጨማሪ ቀዳዳ፣ ተጨማሪም ማኅተም ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙዎች የመረጡት የመብራቱን ራስ በማጥበቅ የሚበራውን ነው። ማጥበቅ መብራቱን ሲያበራ ማኅተሙንም ያጠነክራል። ማብራትና ማላላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ፣ በጭንቀት ላይ ያለ እጅ መብራቱን ሲፈልግ ከፍቶ ውሃ ያስገባበት ነበር። የላምበርት የተገላቢጦሽ ጥርስ እዚህ ላይ መልስ አገኘ፤ እጅ በጨለማ የለመደውን ሲያደርግ ትክክለኛው ነገር እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። ይህም የራሱ ጉድለት አለው። ጥልቀት ሲጨምር የውሃው ግፊት ራሱን ወደ ውስጥ ገፍቶ መብራቱን ሳይፈለግ ሊያበራው ይችላል። ስለዚህ ጠላቂው ከመውረዱ በፊት በቂ ዙር ማላላት አለበት፤ ያለዚያ መጠባበቂያው በሚፈለግበት ሰዓት ድንጋዩ አልቆ ይገኛል።

የድንጋዩ ምርጫም እንዲሁ ነው። እንደገና የሚሞሉት የቀድሞ ሴሎች በመደርደሪያ ላይ ሳሉ ቀስ በቀስ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ በሥራ ላይ ሳሉም ብርሃናቸውን እኩል አድርገው ቆይተው በድንገት ይጠፋሉ። የሚጣለው አልካላይን ድንጋይ ግን ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ኃይሉን ይጠብቃል፤ ሲደክምም ብርሃኑ እየደበዘዘ ያስጠነቅቃል። ዋናው መብራት ብርቱ ይሁን ሲባል፣ መጠባበቂያው ታማኝ ይሁን ይባላል። ሁለቱ አንድ ዐይነት ጠባይ አይፈለግባቸውም።

አቀማመጡም በደንብ ተወስኗል። ሁለቱ መጠባበቂያዎች በደረት ላይ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ይታሰራሉ፤ በሁለቱም እጅ ሊደረስባቸው ይገባል። ማሰሪያቸው በቢላዋ ሊቆረጥ የሚችል ገመድ መሆን አለበት፤ ብረት ከብረት ጋር ከተያያዘ ሲቆለፍ የሚፈታው የለም። የእያንዳንዱ መጠባበቂያ የማብሪያ ዘመን ከጠቅላላው የጥልቀት ጊዜ ማነስ የለበትም። ከመግባት በፊት ሦስቱም በርተው ይታያሉ።

ከዲዛይኑ ሁሉ የሚበልጠው ግን አጠቃቀሙ ነው። ዋናው መብራት ሲጠፋ ሥራው ያኔውኑ ያበቃል። ጠላቂው መጠባበቂያውን አብርቶ ፊቱን ወደ መውጫው ያዞራል። መጠባበቂያ ሥራን ለመቀጠል የተሰጠ አይደለም፤ በሰላም ለመውጣት የተሰጠ ነው። በመጠባበቂያ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መጠባበቂያ የለውም።

አንድ ምክንያት፣ ሁለት ብልሽት

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ መብራት በአንድ ጥልቀት ወቅት የመጥፋት ዕድሉ ከ20 አንድ ቢሆን፣ ሁለቱ አብረው የመጥፋት ዕድላቸው ከ400 አንድ፣ ሦስቱ ደግሞ ከ8,000 አንድ ይሆናል። ይህ የሚያጽናና ቁጥር ነው፤ ነገር ግን እውነት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የአንዱ ብልሽት ከሌላው ብልሽት ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው።

ዝምድናው ሳይታወቅ እንዴት እንደሚገባ ኩስቶ ራሱ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1946 እርሱና ባልደረባው ፍሬዴሪክ ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ በፎንቴን ደ ቮክሉዝ ምንጭ ጠለቁ። ሁለት ጠላቂዎች፣ ሁለት መሣሪያዎች፤ አንዱ ቢቸገር ሌላው ይረዳዋል ተብሎ የታሰበ ነበር። በጥልቀቱ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አእምሯቸው ደነዘዘ፤ ለጥቂት ተረፉ። በኋላ ሲመረመር አየሩን የሞላው የአየር መጭመቂያ ሞተር የራሱን ጭስ ወደ ውስጥ ይስብ ኖሯል። ሁለቱ መሣሪያዎች ሁለት የመሰሉት በዐይን ሲታዩ ነው፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነበር።

ይህ ዛሬም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ከወጡ ወዲህ፣ ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው ግኝት የጠላቂውንም መብራት ለውጦታል። የሚበጠስ የአምፑል ሽቦ ቀርቷል፤ ትንሹ መጠባበቂያ የቀድሞውን ዋና መብራት የሚያህል ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን ዋናውም መጠባበቂያውም አንድ ዐይነት ሴል፣ አንድ ዐይነት የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ፣ አንድ መሙያ እየተጋሩ መጥተዋል። መሙያው በዚያች ሌሊት ካልሠራ ሦስቱም መብራቶች በአንድ ጠዋት ባዶ ይሆናሉ። መቆጣጠሪያው ብርሃኑን እስከ መጨረሻ እኩል አድርጎ በድንገት የሚያጠፋ ከሆነም፣ የአልካላይን ድንጋይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል። ቴክኒኩ ሲሻሻል ነጻነቱ ሊቀንስ እንደሚችል መሐንዲሱ ማየት ይኖርበታል።

የጋራ ምክንያት ከሁሉ የከፋ ፍሬውን ያሳየው ግን ከጠላቂዎች ዓለም ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ከመሥመር ሲቋረጥ፣ የናፍጣ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ እንደ ታሰበው ተነሡ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሱናሚው መጣ። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮች በሕንጻዎቹ የታችኛው ክፍል ስለ ነበሩ ውሃው አብሮ አጠፋቸው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተተከለና በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጄኔሬተር ግን ሳይነካ ቀርቶ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል ከጥፋት አዳነ። ከጄኔሬተሮቹ ብዛት ይልቅ የአንዱ ልዩነት ጠቀመ።

ወደ ፎገራ ሜዳ

ይህ ታሪክ ለፎገራ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ቆላማ ቀበሌዎች አጥለቅልቀው ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ምሰሶውን፣ መንገዱንና በመሬት ላይ የተቀመጠውን ጄኔሬተር ሳይለይ ሊወስድ ይችላል። ለጤና ጣቢያ መጠባበቂያ ኃይል የሚነድፍ መሐንዲስ «ጄኔሬተር አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ገና ግማሹን ነው የጠየቀው። ጄኔሬተሩ ከጎርፉ ወለል በላይ ነው ወይ? ከዋናው መሥመር ጋር የሚጋራው አንድ መቀያየሪያ ቢቃጠል ሁለቱም ይቆማሉ ወይ? ነዳጁ የሚመጣው ጎርፉ በሚቆርጠው በዚያው መንገድ ነው ወይ? በሌሊት የምታዋልደው አዋላጅ መብራቱ ሲጠፋ በዳሰሳ አግኝታ በአንድ እንቅስቃሴ የምታበራው ነገር በአጠገቧ አለ ወይ?

ከውሃ በታች ላለውም ሥራ ጥያቄው ይኸው ነው። በጣና ወይም በግድቦቻችን የውሃ መግቢያ ላይ ጠላቂ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ብርቱ መብራት በመግዛት ብቻ ኃላፊነቱን አልተወጣም። በደለል የደፈረሰ ውሃ ብርቱውን መብራት ነጭ ግድግዳ እንደሚያደርገው ከላይ ታይቷል። ስለዚህ በቅድሚያ ከመውጫው ጋር የሚያያይዝ ገመድ፣ ቀጥሎ ለመመለሻ የሚበቃ አየር፣ ከዚያም በኋላ ከዋናው ጋር ድንጋይም፣ መሙያም፣ ማብሪያም የማይጋሩ ሁለት ቀላል መብራቶች ያስፈልጋሉ። ዋናው ሲጠፋ ሥራው እንዲቆም የሚያዝ ጽሑፍም በውሉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ሥራ አስኪያጁ በጥድፊያ ላይ ሳለ ጠላቂውን «ትንሽ ቀርቶሃል፣ በሁለተኛው ጨርሰው» እንዳይለው።

መጠባበቂያ ብዙውን ጊዜ በበጀት ዝርዝር መጨረሻ ላይ የሚገኝ፣ ገንዘብ ሲያጥርም ቀድሞ የሚሰረዝ ዕቃ ነው። የማይሠራበት ቀን ብዙ ስለሆነ ትርፍ ይመስላል። ዋጋው የሚታወቀው በአንዲት ሌሊት ነው። በቁሐር ሚካኤል ያለ ባለቤት ባትሪ ገዝቶ ኩራዙን ያልጣለው ድሀ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ መብራቶች በአንድ ምክንያት እንደማይጠፉ ስላወቀ ነው። መሐንዲሱም ዲዛይኑን ከመፈረሙ በፊት ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ዋናውን የሚያጠፋው ነገር መጠባበቂያውን ይተወዋል ወይ ብሎ ቢመረምር፣ ሌሎች በሕይወታቸው የከፈሉበትን ትምህርት በወረቀት ላይ ይማረዋል።